አንድ ጆሮ ለመንገድ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከባሕር ዳር ስትመጣ የሱረት ዕቃ የምታህል፣ ክዳን ያላት ነጭ ሣጥን ይዛልኝ መጣች። ስከፍታት ሁለት የባቄላ ፍሬ የሚመስሉ ነገሮች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ሽቦ የላቸውም። «አባዬ፣ ጠዋት ጠዋት ስትራመድ ጆሮህ ውስጥ ታደርጋቸዋለህ፤ ከስልክህ ጋር ራሳቸው ይገናኛሉ» አለችኝ። አመስግኜ ተቀበልኳት። መነጽሬን አድርጌ አገላበጥኳቸው፤ በመዳፌ መዘንኳቸው፤ ኃይል የሚሞላው በየት በኩል እንደሆነ፣ አንድ ጊዜ ሲሞላ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ዝናብ ቢነካው ምን እንደሚሆን ጠየቅኋት። «አባዬ ደግሞ! ስጦታ እኮ ነው የሰጠሁህ፤ ጨረታ አላወጣሁም» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት ፍኖተ ሰላም፣ በዞን መሥሪያ ቤት፣ በግዢ ክፍል ነው። የመንግሥት ገንዘብ የወጣበትን ወንበር ገልብጬ የእግሩን ብሎን ሳላይ ተረክቤ አላውቅም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ጥቂት መመካት ካለበትም ግን ይኑርበት።

ሁለቱን ባቄላዎች ይዤ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ሐሳቤ ወደ ሌላ ዕቃ ሄደ። በሕይወትህ ከመረጥካቸው ዕቃዎች ሁሉ የላቀው የቱ ነው ብባል ጄኔሬተሩንም፣ የአዳራሹን ወንበሮችም አልጠራም። የምጠራው ከክብሪት ሣጥን ጥቂት የሚበልጥ፣ ጥቁር፣ ዘፈን የሚያጫውት ዕቃ ነው። ኤም ፒ ስሪ ይሉት ነበር። ከሁሉ ይልቅ ሰው ያጣላው የቱ ነው ብባልም የምጠራው እሱኑ ነው።

ዘመኑ የሚሌኒየሙ ካናቴራ ገና ያልደበዘዘበት ነው። ሻይ አንድ ብር ሊገባ አንድ ሐሙስ ሲቀረው፣ እኛ ትልልቆቹ ሳሪያን ኮት ስንለብስ፣ ወጣቶቹ ደግሞ ተረከዛቸው ሥር የሚጎተት ሰፊ ጂንስ ሲጎትቱ ማለት ነው። ፍኖተ ሰላም ዋናው አስፋልት መሐሏን ሰንጥቆ ያልፍና ግራና ቀኟ አቧራ ነበር። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሙዚቃ ቤት በሩ ላይ ሞንታርቦ አስቀምጦ ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኻል፤ መስኮቱ ላይ የተለጠፉት የዘፋኞች ፎቶዎች ፀሐይ መትቷቸው ፊታቸው ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። ዘፈን ማለት እንግዲህ እንደዚህ ነበር፤ የአንዱ ቤት ዘፈን የመንገዱ ሁሉ ዘፈን ነው። ሻይ የሚጠጣውም፣ በርበሬ ጭኖ ከማንኩሳ የሚመጣውም፣ ጫማ የሚያስጠርገውም ያንኑ ይሰማል። ጅጋም፣ ቡሬም እንዲሁ ነው። አውቶቡስ ላይ ቢሳፈሩ ሾፌሩ የመረጠውን ይሰማሉ። ለብቻ የሚሰማ ዘፈን የሚባል ነገር መኖሩን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር።

የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ጋሽ ደመላሽ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ ቼክ ፎጣ የሚጠመጥሙ ሰው ናቸው። ከቡሬ ወረድ ብላ ካለች መንደር ገና በጎረምሳነታቸው ወጥተው ዕድሜያቸውን በመሪ ላይ ጨርሰዋል። የመኪናው ቴፕ ከእሳቸው በቀር ለማንም አይታዘዝም። ከመቀመጫቸው ሥር በሳሙና ካርቶን የታጨቁ ካሴቶች ነበሯቸው፤ አንዱም ጤነኛ አልነበረም። ሙቀት ያጣመመው አለ፤ ተበጥሶ በምላጭ ተስተካክሎ በፕላስተር የተቀጠለ አለ። ክሩ ሲወጣ በእስክሪብቶ ቂጥ እያዞሩ ይጠቀልሉታል። ዘፈኑ አንዱ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይወፍርና ይጎተታል፤ ሌላ ቦታ ላይ ግማሽ ስንኝ ዘሎ ያርፋል። የሚደንቀኝ ይህ አልነበረም። የሚደንቀኝ ጋሽ ደመላሽ መኪናው ቆሞ ጎማ ሲፈቱ እንኳ ሲያንጎራጉሩ፣ ካሴቱ የሚጎተትበት ቦታ ላይ ሲደርሱ እሳቸውም ድምፃቸውን መጎተታቸው፣ የሚዘልበትም ቦታ ላይ መዝለላቸው ነበር። አንድ ቀን «ጋሽ ደመላሽ፣ እዚህ ላይ እኮ ሌላ ቃል ነበረው» ብላቸው «የእኔ ዘፈን ላይ የለውም» አሉኝና ብሎናቸውን ማጥበቅ ቀጠሉ።

ጡረታቸው በተቃረበበት ወቅት ለሥራ ሊበን ሄደን ስንመለስ ቴፑን አጠፉት።

«ጡረታው አሳሰበዎት?» አልኳቸው።

«ጡረታው ምን ያደርገኛል? አገሬ ነው እንጂ።»

«አገርዎ ቡሬ ሥር አይደለም? ቅርብ እኮ ነው።»

«ለመኪና ቅርብ ነው» አሉ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው በየሥራቸው ተበትነዋል፤ የቀራቸው የአባታቸው ግቢ ብቻ ነው። «ስገባም በመኪና፣ ስወጣም በመኪና ነበር። ሰፈሩ አቧራዬን እንጂ እኔን አያውቀኝም። ዕድር ልግባ ብል ‹ይህ ማነው?› ነው የሚሉኝ። እንግዲህ ሰብሳቢው፣ ብሞት ማን አንሥቶ ይቀብረኛል?»

«ሰብሳቢው» የሚሉኝ የየኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ስለነበርኩ ነው። የመሸኛ ስጦታ ኮሚቴም እንደ ደንቡ በእኔ ሰብሳቢነት ተቋቋመ። አባላቱ የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ አስናቀችና አዲስ የተቀጠረችው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ሕሊና ነበሩ። ለተሸኚ የሚሰጠው የታወቀ ነው፤ ጋቢ፣ የእጅ ሰዓት ወይም በመስታወት የገባ ሥዕል። ወይዘሮ አስናቀች «ጋቢ እንዳትሉ፤ ባለፈው ዓመት የተሸኙት ሰውዬ አራት ጋቢ ይዘው ነው የሄዱት፤ ነጋዴ ነው የመሰሉት» ብለው ጋቢውን ዘጉት። ሕሊና ናት ነገሩን ያመጣችው። «ሰውዬው እኮ መኪናውን ሲያስረክቡ ቴፑንም ማስረከባቸው ነው። ቤታቸው ቴፕ የላቸውም። ኤም ፒ ስሪ ብንገዛላቸውስ? ካርቶኑ ውስጥ ያለው ዘፈን በሙሉ እዚያ ይገባል።»

«ምን ስሪ?» አሉ ወይዘሮ አስናቀች።

«ኤም ፒ። ያቺ ትንሿ፤ ጆሮ ላይ የሚሰኩት።»

«ካርቶኑ ሙሉ እዚያች ውስጥ? ዋሸሽ!»

እኔ ግን ነገሩ ማረከኝ። እንደ ልማዴ በመጀመሪያ መስፈርት አወጣሁ። በእሳቸው መንደር መብራት ስለሌለ በኤሌክትሪክ የሚሞላ እንዳይሆን፤ ከሱቅ ተገዝቶ የሚለወጥ ቀጭን ባትሪ ድንጋይ የሚጎርስ ይሁን። ቁልፉ ለሾፌር ጣት የሚበቃ ይሁን። ሲዘጋና ሲከፈት ካቆመበት ይቀጥል እንጂ ከመጀመሪያው አይነሣ። እነዚህ ሁሉ ከእሳቸው ኑሮ የተነሡ ነበሩ፤ እስከ ዛሬም አንዱን አልሰርዝም። የመጨረሻውን መስፈርት ያስገባሁት ደግሞ ከመሥሪያ ቤታችን ኑሮ ተነሥቼ ነው፤ «ሌላውን ሰው የማይረብሽ»። ኃላፊያችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሰነድ ሲያነቡ ቴፑ እንዲቀነስላቸው ስንት ጊዜ እንደጠየቁ ስለማውቅ፣ ይህ የሥልጣኔ ምልክት መስሎኝ ነበር።

ሦስት ዕቃ አወዳደርን። የመጀመሪያው መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ የተገኘ፣ ፊቱ የሚያበራ፣ ሥዕል ሁሉ የሚያሳይ ነበር። ሕሊና ወደደችው። «ግን ኮምፒውተር ላይ ካልተሰካ አይሞላም» አልኩ፤ ቀረ። ሁለተኛው የከንፈር ቀለም የሚያህል ነበር። ወይዘሮ አስናቀች አውራ ጣታቸውን ቁልፎቹ ላይ ቢያሳርፉ ሦስቱም ባንዴ ተጫኑና ዘፈኑ ተሰወረ፤ እሱም ቀረ። እዚያው ሱቅ ፍላሽ የሚጎርስ፣ ድምፅ ማጉያ ያለው ትንሽ ሬዲዮ ነበር። ባለሱቁ «ይሄ ነው ለገጠር» ቢለን «ይረብሻል» ብዬ አሳለፍኩት። ሦስተኛውን ቡሬ ለሥራ በሄድኩበት አገኘሁት። ጥቁር፣ ጠጠር ያለ፣ መሐሉ ላይ እንደ ኮት ቁልፍ ያለ ክብ መጫኛ ያለው፣ ማዳመጫዎቹ ጎማ የለበሱ። ዋጋው ከመጀመሪያው አንሶ ከሁለተኛው ትንሽ ይበልጣል። ለሙከራ የተጫኑበት ዘፈኖች ስለነበሩ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ እየሰማሁ መጣሁ። መንገዱ ዳር ለዳር በርበሬ ተሰጥቶ ቀልቷል። ሚኒባሱ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ግን የሞተሩን ድምፅ እንኳ አልሰማም፤ ማሲንቆው ግንባሬ ውስጥ የሚመታ ነው የሚመስለው። ማንኩሳን ስናልፍ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ሲስቅ አየሁና ማዳመጫውን ነቀልኩት። ረዳቱ ከራሴ በላይ ቆሞ ይጮኻል፤ «ጋሼ! ኧረ ጋሼ! ሂሳብ ነው እኮ የምንለው! ሰውዬው ሄደዋል እንዴ?»

ከፍዬ ተቀመጥኩ። ቢሮ ስገባም ይህንኑ ከዕቃው ጥራቶች መካከል ቆጥሬ «የውጭ ድምፅ ፈጽሞ አያስገባም» ስል ለአባላቱ በኩራት አስረዳሁ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

የቀረው ካሴቶቹን ባለቤታቸው ሳያውቁ ማግኘት ነበር። ይህን ወይዘሮ አስናቀች በአንድ ጠዋት ፈጸሙት። መኪናው አጠገብ ሄደው «ጋሽ ደመላሽ፣ የርክክብ ቆጠራ ስላለ ካርቶኑን ያውርዱልኝ» አሏቸው።

«የምን ቆጠራ? የግል ንብረቴ ነው!»

«የግል መሆኑን ለማወቅ ነው የሚቆጠረው።»

«ይህች ሴትዮ ጥርሴም ላይ ቁጥር ትለጥፍበታለች» እያሉ አወረዱላቸው። ወይዘሮ አስናቀች ካርቶኑን በነጠላቸው ሸፍነው በቀጥታ ወደ ሙዚቃ ቤቱ። እዚያ የነበረው ባለሙያ ቴፑን ከኮምፒውተሩ ጋር በሽቦ አገናኝቶ እያንዳንዱን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያጫወተ ያስገባል፤ ማሳጠሪያ የለውም። በመሐል አስጠራን። «ይህን የተበላሸ ነገር ለምን ታለፉኛላችሁ?» አለን። «ዘፈኖቹ በሲዲ አሉኝ። ጥርት ያሉትን ልጫንላችሁ፤ አይበጠስ፣ አይጎተት።» ነገሩ ተገቢ ይመስላል። ሕሊና «ጥርት ያለው ይሻላል» አለች። ወይዘሮ አስናቀች «እንዲህ ያለውን ብሰጣቸው ያፍሩብኛል» አሉ። እኔ ግን ያቺ የብሎን ማጥበቂያ ቀን ትዝ አለችኝ፤ «የእኔ ዘፈን ላይ የለውም» ያሉት። «ማስረከብ ያለብን የራሳቸውን ንብረት ነው፤ የሌላ ሰው ንጹሕ ዘፈን አይደለም» አልኩ። ከእነ እንከኑ ተጫነ። በኮሚቴ ሥራዬ ሁሉ በድምፅ ብልጫ ተሸንፌ እያለሁ ያሸነፍኩባት አንዷ ቀን ያቺ ናት።

በሽኝቱ ዕለት ጋሽ ደመላሽ ዕቃውን ተቀብለው ሲያገላብጡ «ይህ የየትኛው መኪና ዕቃ ነው?» ብለው አዳራሹን አሳቁት። ሕሊና ማዳመጫዎቹን ጆሯቸው ላይ ሰካችላቸውና ክቡን ቁልፍ ተጫነች። ከዚያ ዓይናቸው ሰፋ። ድምፃቸው ለራሳቸው ስለማይሰማቸው አዳራሹን በሚያናጋ ጩኸት «የእኔዎቹ ናቸው! ሰብሳቢው፣ የእኔዎቹ ናቸው!» አሉ። ኃላፊያችን ንግግር እያደረጉ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ወደ አገራቸው ገቡ። ክረምቱ አልፎ መስቀልም ካለፈ በኋላ ለሥራ ቡሬ ሄድኩ። እሑድን እዚያው ስለዋልኩ ወደ መንደራቸው በእግር ወረድኩ። ማሽላው አፍርቷል፤ በየአጥሩ ሥር ዱባ ተንጋሏል። ግቢያቸው ስደርስ ሰው የለም። ጎረቤት ያለች ሴት «ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዋንዛው ሥር ናቸው፤ ዕድሩ በእሳቸው ነገር ተቀምጧል» አለችኝ። ፊቷ ላይ የነበረውን አይቼ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ደመላሽ ለብቻቸው ቆመዋል፤ ያው ፎጣ አንገታቸው ላይ ነው፤ ዕቃው ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብሏል፤ ማዳመጫዎቹ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። እኔን ሲያዩ «ሰብሳቢው መጡ! ዕቃውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ከእሳቸው ጠይቁ!» አሉ። ሰላምታ ሰጥቼ፣ ማን መሆኔን ተናግሬ ሳበቃ የዕድሩ ዳኛ ቦታ ለቀው አስቀመጡኝ። አያ ታከለ ይባላሉ፤ ነጭ ሪዛቸው የተመላ፣ ዱላቸውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል ያቆሙ ሰው ናቸው።

«እንኳን ደኅና መጡ» አሉኝ። «አንቱ ካሉበት ነገሩ ከሥሩ ይሰማ። ደመላሽ ጎረቤቴ ነው። አንድ ቄስ ናቸው ፊደል ያስቆጠሩን። ወደ አገሩ ሲገባ ጠላ አስጠምቄ ጠራሁት፤ መጣ፤ ተጫወትን። ዕድር ልግባ አለ፤ ደግ አልነው። በማግሥቱ መንገድ ላይ አገኘሁት። ‹ደመላሽ፣ እንዴት አደርህ?› አልኩት። ዝም። ‹ደኅና ነህ ወይ?› አልኩት። ዝም! ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎብኝ አለፈ።»

«ትከሻ?» አልኩ።

«ትከሻ! እንዲህ!» ብለው ተነሥተው አሳዩን፤ በደንብ አድርገው ነበር። ራቅ ብለው የቆሙት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ያዙ። «እስክስታ ወርዶብኝ ነው ያለፈው። ምን በደልኩት እያልኩ አደርኩ። እኔን ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩን ሁሉ እንዲሁ ነው። ገሚሱ ኮራብን አለ። ገሚሱ ደንቁሮ ነው አለ። የዞን ሰዎች ጆሮው ውስጥ ሽቦ አስገብተው ሰደዱት የሚልም አለ። የሰው ሰላምታ የማይመልስ ሰው ዕድር ገብቶ ምን ይሆናል? ሞት ሲነገር በምኑ ይሰማል?»

ጋሽ ደመላሽ አንገታቸውን ደፉ። «አልሰማኋችሁም» አሉ በቀስታ። «ስትሉኝ አልሰማሁም እኮ።»

ጉዳዩ ያኔ ገባኝ። ያ በሚኒባሱ ውስጥ ያኮራኝ ጥራት ነበር እዚህ ዋንዛ ሥር ሰውዬውን ያስቆማቸው። አያ ታከለ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣቸው ሳይሆን ጥያቄያቸው ነበር የሚመጣው፤ እኔም ራሴን ለማስረዳት ሳይሆን ለማወቅ ጓጓሁ።

«ድምፁ ውጭ የማይወጣው ተበላሽቶ ነው ወይስ ተመክሮበት?»

«ተመክሮበት ነው፤ ሌላውን ሰው እንዳይረብሽ።»

«የትኛውን ሌላ ሰው?»

ዙሪያዬን አየሁ። ዋንዛው፣ የአገዳው ማሳ፣ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ። ከኋላ ወንበር ሰነድ የሚያነብ ሰው በአካባቢው አልነበረም።

«እናንተ ዘንድ ዘፈን ሲሰማ የሚረበሽ ሰው አለ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ፣ ከልባቸው ተገርመው።

«አንዳንድ ጊዜ ስብሰባ ይኖራል» አልኩ።

«ይሁን። እየሰማ ሲሄድ ሰው ቢያገኝስ ምን እንዲያደርግ ነበር ያሰባችሁለት?»

ስለ ባትሪው ቢጠይቁኝ መልስ ነበረኝ፤ ስለ ቁልፉም፣ ካቆመበት ስለ መቀጠሉም። ይህን ግን ከሦስታችን አንዳችን አላነሣነውም። «አላሰብንበትም» አልኩ። አያ ታከለ ራሳቸውን ነቀነቁና ዱላቸውን ለጎረቤታቸው አቀበሉ። «እስቲ እኔም ልስማው» አሉ።

ጋሽ ደመላሽ ቀርበው አንዱን ማዳመጫ ለአያ ታከለ ሰኩላቸው። ሽቦው አጭር ስለሆነ ሌላውን በራሳቸው ጆሮ አድርገው አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፤ ራስ ለራስ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ቁልፉን ተጫኑ። አያ ታከለ ብድግ ሊሉ ሲሉ ሽቦው መልሶ ያዛቸው። «እህ! አለ! እዚህ ውስጥ አለ!» ጮኹ። ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። ጥቂት ቆይተው ግን ግንባራቸው ተኮማተረ። «ይሄ ዘፋኝ ምን ነካው? ደከመው እንዴ?»

«እሱ አይደለም የደከመው» አሉ ጋሽ ደመላሽ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ካሴቱ ነው። ጅጋ ላይ የፊት ጎማ ፈንድቶ፣ ትርፍ ጎማ እስኪመጣ መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆማ ቀለጠብኝ። ገበያ ነበር፤ ሰው ሁሉ እየመጣ ‹ምነው ቆምክ?› ሲለኝ ነው የዋለው።»

«ይኸውና ደግሞ ዘለለ!»

«እሱ ሊበን ነው። ወንዙ ሞልቶ መኪናዋ ተንሸራታ ገደል አፍ ላይ ቆመች። ክሩ ያኔ ተበጠሰ። ሦስት ሰው ይዤ ነበር፤ ሦስቱንም አወጣሁ።»

ሽማግሌዎቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። እያንዳንዱ እንከን አገር ነበረው፤ እያንዳንዱ አገር ወሬ ነበረው። እነዚህ ሰዎች በዚያ ሁሉ ዘመን የጋሽ ደመላሽን አቧራ እንጂ ሥራቸውን አላዩም፤ አሁን በአንድ ጆሮ ዘፈኑን፣ በሌላው ሰውየውን መስማት ጀመሩ። እኔም ቆሜ ሳዳምጥ ሙዚቃ ቤቱ ውስጥ በድምፅ ብልጫ ተሸንፌ ያሳለፍኳት ውሳኔ ትዝ አለችኝ። ጥርት ያሉትን አስጭነን ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ የት ይነገር ነበር?

ከዚያ አንድ ትዝታ ዘፈን መጣ። መሐሉ ላይ ድምፁ ጩኸት የመሰለ ነገር አሰማና ተቋርጦ ቀጠለ። አያ ታከለ «ይህስ?» አሉ። ጋሽ ደመላሽ ፎጣቸውን ከአንገታቸው ላይ ፈቱ።

«ጢስ ዓባይ እንግዶች አድርሼ እየጠበቅኩ ነበር» አሉ። «የእናቴን ሞት እዚያ ነገሩኝ። ዘፈኑ ይጮኻል። ማጥፊያው ጠፋብኝ፤ ካሴቱን በእጄ ጎትቼ አወጣሁት።»

«ለቀብር አልደረስህም» አሉ አያ ታከለ።

«አልደረስኩም።»

«በፊት በኩል የተሸከምኳት እኔ ነኝ።»

«ሲነግሩኝ ሰምቻለሁ።»

ዘፈኑ ለእነሱ ቀጥሏል፤ ለእኛ አይሰማም። በዚያ ሽቦ የተያያዙ ሁለት ሽበታም ራሶች ናቸው የሚታዩን። ዘፈኑ ሲያልቅ አያ ታከለ ማዳመጫውን በጥንቃቄ ነቅለው፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መለሱና ዱላቸውን ተቀበሉ።

«እንግዲህ ዕድሩ እንዲህ ይላል» አሉ። «ደመላሽ ገብቷል። ዘፈኑንም ይስማ፤ ማንም አይከለክለውም። ቤቱ ሲሆን ሁለቱንም ጆሮውን ይድፈን። መንገድ ላይ ግን አንዱን ይተው። አንዱ ጆሮ የእሱ ነው፤ አንዱ የመንገደኛው ነው። ተስማማችሁ?»

ሁሉም ተስማሙ። አንዱ ሽማግሌ ግን «የትኛው ጆሮ?» ብለው ነገሩን አራዘሙት። ክርክር ሆነ። ቀኙ የተባረከ ስለሆነ ለሰው ይሁን ያሉ ነበሩ። ጋሽ ደመላሽ እጃቸውን አነሡ። «ቀኝ ይዘን ስንሄድ ከፊት የሚመጣ የሚያልፈን በግራ በኩል ነው» አሉ፤ መሪ እንደያዙ ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው እያሳዩ። «ግራው ነው ክፍት መሆን ያለበት።» የሾፌር ምክንያት ስለሆነ የሚመልስለት አልተገኘም። ግራው ተባለ፤ በእጅ ማውጣትም ጸደቀ።

ከዚያ በኋላ ቡሬ በሄድኩ ቁጥር ጎራ እል ነበር። ብዙ ጊዜ የማገኛቸው አጥሩ ሥር፣ ከአያ ታከለ ጋር በዚያው ሽቦ ተያይዘው ነው፤ ባትሪ ድንጋዩን አንድ ሳምንት አንዱ፣ አንድ ሳምንት ሌላው ይገዛል። ጋሽ ደመላሽ ያረፉት ከዓመታት በኋላ ነው። ደርሻለሁ። ዕድሩ ከዳር እስከ ዳር ወጥቶ ነበር፤ በፊት በኩል የያዙት፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ማንንም አላስጠጋ ብለው አያ ታከለ ነበሩ።

ዛሬ ጠዋት የልጄን ስጦታ ሞከርኩት። ከሣጥኗ አንዱን ብቻ አውጥቼ በቀኝ ጆሮዬ አደረግኩ። ድምፁ እጅግ የጠራ ነው፤ ካቆመበትም ይቀጥላል። ልጄ ከበሩ ላይ ሆና «አባዬ፣ ግራው አልሠራም እንዴ? ይለወጥ ይሆናል» አለችኝ።

«ይሠራል» አልኳት፤ «ስመለስ እነግርሻለሁ።»

ወደ ላህ ወንዝ አቅጣጫ፣ ቀኜን ይዤ ወረድኩ። ከፊቴ ሁለት በርበሬ የጫኑ አህዮች የሚነዳ፣ እኔ የማላውቀው፣ እሱም የማያውቀኝ ሰው በግራ በኩል መጣ።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሼ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንዴት አደርክ ልጄ?» አልኩት።